ሶላር ቢም፦ ኃይሉ 120፣ ዋጋው አንድ ተራ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ፍጡራንን አሠልጥኖ ተራ በተራ ስለሚያዋጉባቸው የፖኪሞን ጨዋታዎች ጥያቄ ያላችሁ እንድትልኩልን በጠየቅነው መሠረት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጥቃት ላይ ነው፤ ይኸውም የዕፅዋት ወገን የሆኑት ፍጡራን የፀሐይ ብርሃን አጠራቅመው በባላጋራቸው ላይ የሚለቁት ሶላር ቢም ነው። ስለዚህ የዚህን ወር አምድ ለእርሱና ለቅርብ ዘመዶቹ ሰጥተነዋል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል፤ ረዘም ያሉትንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ የዕፅዋት ወገን የሆነውን ቬኑሶሬን ሶላር ቢም አስተምሬዋለሁ። ኃይሉ 120፣ ዒላማ የመምታት ዕድሉም 100 በመቶ እንደሆነ ጨዋታው ራሱ ይናገራል። ሆኖም ከጓደኞቼ ጋር ስንጋጠም ከዚህ በጣም ያነሰ ቁጥር ያላቸውን ጥቃቶች የሚጠቀሙት ደጋግመው ያሸንፉኛል። ቁጥሩ ይህን ያህል ትልቅ ሆኖ ሳለ ለምን አልጠቀመኝም? (አንባቢ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያዩት ቁጥር ትክክል ነው፤ ከቁጥሩ ጋር አብሮ መታሰብ ያለበት ግን የሚወስደው ጊዜ ነው። ሶላር ቢም እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ለጌም ቦይ በወጡት በመጀመሪያዎቹ የፖኪሞን ጨዋታዎች ውስጥ የነበረ ጥቃት ሲሆን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መሠረታዊ ባሕርይው አልተለወጠም። ፍጡሩ በመጀመሪያው ተራ ብርሃን ያጠራቅማል እንጂ አይመታም፤ ጨረሩ የሚወጣው በሁለተኛው ተራ ነው። ስለዚህ 120 የሚለው ቁጥር የአንድ ተራ ሳይሆን የሁለት ተራ ውጤት ነው፤ ለእያንዳንዱ ተራ ሲካፈል የሚደርሰው 60 ብቻ ነው።

ይህን በጨዋታው የጉዳት ቀመር ብናሰላው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሁለቱም ፍጡራን ደረጃ 50 ላይ ይሁኑ፤ የእርስዎ ቬኑሶር ልዩ ጥቃትና የባላጋራው ልዩ መከላከያ (እንደ ጨረር ያለ ምት የሚመዘንባቸው የብርታት ቁጥሮች) እኩል 100 ይሁኑ፤ ባላጋራውም የውሃ ወገን ይሁን። ቀመሩ ደረጃውን በሁለት አባዝቶ፣ ለአምስት አካፍሎ፣ ሁለት ይጨምርበታል፤ ውጤቱ 22 ነው። ይህ በ120 ሲባዛ 2640 ይሆናል፤ ጥቃቱና መከላከያው እኩል ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ፤ ለ50 ተካፍሎ ሽርፍራፊው ሲተውና ሁለት ሲጨመርበት 54 ይሰጣል። ቬኑሶር የገዛ ወገኑን ጥቃት ስለሚጠቀም በአንድ ተኩል ይባዛና 81 ይሆናል፤ ውሃ ለዕፅዋት ደካማ ስለሆነ ደግሞ እጥፍ ሆኖ 162 ላይ ይደርሳል። ጨዋታው በዕጣ ከ85 እስከ 100 በመቶ ያለውን ስለሚወስድ 162 ከፍተኛው ውጤት ነው።

አሁን በዚያው ስሌት ኃይሉ 90 የሆነውን ኢነርጂ ቦልን እንመልከት። አንዱ ምት 122 ያደርሳል፤ ማጠራቀም ስለማያስፈልገው በሁለት ተራ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ድምሩ 244 ነው። ኃይሉ 75 የሆነው ጊጋ ድሬይን እንኳ በአንድ ምት 104፣ በሁለት ተራ 208 ያደርሳል፤ በዚያ ላይ ካደረሰው ጉዳት ግማሹን ለተጠቃሚው የሕይወት ነጥብ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ጓደኞችዎ ያሸነፉዎት በዕድል አይደለም፤ በተመሳሳይ ጊዜ ውስጥ ከእርስዎ የበለጠ ጉዳት እያደረሱ ነው።

ከስሌቱ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ቬኑሶር ብርሃን ማጠራቀም ሲጀምር ጨዋታው ይህንን ለሁለቱም ተጫዋቾች በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ባላጋራዎ በሚቀጥለው ተራ ምን እንደሚመጣበት አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። እርስዎ ትእዛዙን መለወጥ አይችሉም፤ እርሱ ግን የውሃውን ፍጡር አስወጥቶ ጥቃቱን የሚቋቋም ሌላ ያስገባል። የዕፅዋትን ጥቃት በግማሽ የሚቀንሱት ወገኖች ደግሞ ሰባት ናቸው፤ እሳት፣ ዕፅዋት፣ መርዝ፣ በራሪ፣ ነፍሳት፣ ድራጎንና ብረት። ውሃን፣ መሬትንና ዓለትን ብቻ አጥብቆ ለሚመታ ጥቃት ይህ ብዙ ነው። መቀየር ባይፈልግም ፕሮቴክት በሚባለው መከላከያ ጨረሩን ከንቱ ሊያስቀረው፣ ወይም በማጠራቀሚያው ተራ ፍጡርዎን አስተኝቶ ጥቃቱን ሊያቋርጠው ይችላል።

በእኔ አስተያየት ሶላር ቢም ያለ ሌላ እርዳታ በብቃት ከሚጫወት ሰው ፊት መቅረብ የሌለበት ጥቃት ነው። እርዳታ ሲያገኝ ግን ፍጹም ሌላ መልክ ይይዛል፤ ይህንን የሚቀጥለው ጥያቄ ያነሣዋል።

ጥያቄ፦ ፀሐይ ስትወጣ ሶላር ቢም ወዲያውኑ እንደሚሠራ ሰምቻለሁ። ይህ የሚሆነው እንዴት ነው? በየትኛው ጨዋታስ ተጀመረ? ዝናብ ቢዘንብስ? (አንባቢ ከሀዋሳ)

መልስ፦ የአየር ሁኔታ ወደ ውጊያው የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጡት በጎልድና በሲልቨር ነው። ከዚያ ወዲህ ሰኒ ዴይ በሚባለው ጥቃት ብርቱ ፀሐይ የጠራ ተጫዋች ሶላር ቢምን ያለ ማጠራቀም በዚያው ተራ መልቀቅ ይችላል። ከላይ ባሰላነው ምሳሌ በሁለት ተራ የሚደርሰው ጉዳት ከ162 ወደ 324 ያድጋል፤ ኢነርጂ ቦልንም ጊጋ ድሬይንንም ጥሎ ያልፋል ማለት ነው። እኔ ይህን ሕግ ከጨዋታው ውብ ሐሳቦች መካከል እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም ተክል ብርሃን ባነሰ ጊዜ ይዘገያል፣ ብርሃን በበዛ ጊዜ ይፈጥናል የሚለውን ማንም ገበሬ የሚያውቀውን ነገር ያለ አንዳች ማብራሪያ በውጊያው ውስጥ አስገብቶታል።

ዝናብ ሲዘንብ ግን ጥቃቱ ሁለት ጊዜ ይቀጣል። ማጠራቀሙ እንደ ቀድሞው ያስፈልጋል፤ ኃይሉም በግማሽ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጡት ከሩቢና ከሳፋየር ጀምሮ የአሸዋ ማዕበልና በረዶም እንዲሁ ያደርጋሉ። በምሳሌያችን በዝናብ ውስጥ የሚወጣው ጨረር 84 ብቻ ያደርሳል፤ ሁለት ተራ ተጠብቆ ለሚገኝ ውጤት ይህ ከምንም አይቆጠርም።

ሰኒ ዴይ የሚቆየው ለ5 ተራ ሲሆን ጥቃቱን የሚጠራው ፍጡር ሂት ሮክ የሚባለውን ድንጋይ ከያዘ ለ8 ተራ ይቆያል። ሆኖም ፀሐዩን ለመጥራት ራሱ አንድ ተራ እንደሚያስፈልግ አይዘንጉ። አንድ ቬኑሶር ራሱ ሰኒ ዴይን ጠርቶ ራሱ ሶላር ቢምን ቢለቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ተራዎች ያተረፈው ነገር የለም፤ የሚያተርፈው ከሦስተኛው ተራ ጀምሮ ነው። በዚህም የተነሣ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ፀሐይ የማውጣቱን ሥራ ለሌላ ፍጡር ይሰጣሉ።

ለዚህ የተመቸው ድራውት የሚባለው ተፈጥሯዊ ችሎታ ነው፤ ባለቤቱ ወደ ሜዳ በገባበት ቅጽበት ተራ ሳያባክን ፀሐይ ያወጣል። መጀመሪያ ይህ ችሎታ የተሰጠው በሩቢ ውስጥ ለታየው ለኃያሉ ግራውዶን ነበር፤ ኋላ ናይንቴልስ በአምስተኛው ትውልድ (ጨዋታዎቹ በወጡበት ቅደም ተከተል በሚመደቡበት አምስተኛው ዙር)፣ ኤሊ መሳዩ ቶርኮል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጡት በሰንና በሙን አገኙት። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ትውልድ በድራውት የወጣ ፀሐይ ሌላ የአየር ሁኔታ እስኪተካው ድረስ አይጠፋም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ግን እንደ ሰኒ ዴይ ለ5 ተራ፣ በድንጋዩ ለ8 ተራ ብቻ እንዲቆይ ተደርጓል። ለውጡ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የማያልቅ ፀሐይ ውጊያውን በሙሉ ፀሐዩን ማን አስቀረ ወደሚል አንድ ጥያቄ አውርዶት ነበር።

በሁለት ለሁለት ውጊያ ቶርኮልና ቬኑሶር ጎን ለጎን ሲቆሙ ማየት ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ያሳያል። ቶርኮል እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ መሠረታዊ ፍጥነቱ 20 ብቻ ነው። ይህ ጉድለት መስሎ ቢታይም ሁለት ወገኖች በአንድ ጊዜ የአየር ሁኔታ ሲያወጡ የፈጣኑ ቀድሞ፣ የቀርፋፋው ተከትሎ ስለሚሠራ በመጨረሻ ጸንቶ የሚቀረው የቀርፋፋው ነው። ዝናብ የሚያመጣው ፔሊፐር ፍጥነቱ 65 ነው፤ ሁለቱ በውጊያው መክፈቻ ላይ እኩል ሲገቡ ዝናቡ ይጀምርና ወዲያው የቶርኮል ፀሐይ ይተካዋል። አጠገቡ የቆመው ቬኑሶር ክሎሮፊል የሚባለው ችሎታ ካለው በፀሐይ ውስጥ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ቬኑሶር ከብዙዎች ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፤ ሶላር ቢሙም አይዘገይም። በመጀመሪያው ጥያቄ ውስጥ ከባድ ሸክም የነበረው ተራ እዚህ ላይ ጨርሶ የለም።

ፀሐይ ማውጣት ካልተቻለ ሌላ አንድ መንገድ አለ። ፓወር ኸርብ የሚባል ቅጠል እ.ኤ.አ. በ2006 በወጡት በዳይመንድና በፐርል ገብቷል፤ የያዘው ፍጡር አንድ ጊዜ ብቻ ያለ ማጠራቀም እንዲመታ ያስችለዋል፤ ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ያልቃል። ባላጋራ ባልጠበቀበት ሰዓት አንድን የውሃ ፍጡር ለመጣል ጥሩ ነው፤ ለረጅም ውጊያ ግን አይበቃም።

ጥያቄ፦ የእሳት ወገን የሆነ ቻሪዛርድ የዕፅዋትን ጥቃት ሲጠቀም አይቼ ግራ ተጋባሁ። ለምን የራሱን አይጠቀምም? (አንባቢ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ያዩት ሜጋ ቻሪዛርድ ዋይ ይመስለኛል። ይህ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጡት በኤክስና በዋይ የመጣ ሲሆን ቅርጹን በለወጠበት ቅጽበት በድራውት ችሎታው ፀሐይ ያወጣል፤ መሠረታዊ ልዩ ጥቃቱም 159 ነው። ፀሐይ የእሳትን ጥቃት በግማሽ ያሳድገዋል፤ የውሃን ጥቃት ደግሞ በግማሽ ይቀንሰዋል። እንግዲህ የእሳት ፍጡር ባላጋራ የሚያስገባበት የውሃ፣ የዓለት ወይም የመሬት ወገን ነው፤ ሦስቱንም አጥብቆ የሚመታው ደግሞ ዕፅዋት ነው። በሌላ አነጋገር ሶላር ቢም እሳቱን ሊያቆሙ የሚመጡትን ለይቶ የሚመታ ጥቃት ነው።

በቁጥር እንየው። ኃይሉ 110 የሆነው ፋየር ብላስት በራስ ወገን አንድ ተኩል፣ በፀሐይ ሌላ አንድ ተኩል ተባዝቶ፣ ውሃ ስለሚቋቋመው በግማሽ ሲቀንስ 124 ገደማ ይደርሳል። ሶላር ቢም የቻሪዛርድ ወገን ስላልሆነ የአንድ ተኩሉን ጭማሪ አያገኝም፤ ሆኖም ውሃን እጥፍ ስለሚመታ 240 ይሆናል። ስዋምፐርትን የመሰለ ውሃም መሬትም የሆነ ፍጡር ሲገጥመው አራት እጥፍ ይመታና 480 ይደርሳል። አንድ ምት ይበቃዋል።

መጠንቀቅ የሚገባው ከሁለት ነገር ነው። ድራጎኖች እሳትንም ዕፅዋትንም ስለሚቋቋሙ በእነርሱ ላይ ሁለቱም ጥቃቶች ይደክማሉ። የዓለት ወገን የሆነው ታይራኒታር ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሳንድ ስትሪም በሚባለው ችሎታው ሲገባ ፀሐዩን በአሸዋ ማዕበል ይተካዋል፤ ያን ጊዜ ሶላር ቢም ማጠራቀም ይመለስበታል፤ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ማዕበሉ በዚያ ላይ የዓለት ወገኖችን ልዩ መከላከያ በአንድ ተኩል ያሳድጋል። እሳትና በራሪ የሆነው ቻሪዛርድ የዓለት ጥቃት አራት እጥፍ ስለሚጎዳው በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ መቆየት የለበትም። ባላጋራ ታይራኒታር እንዳለው ካወቁ ቻሪዛርድን ያለጊዜው አያስገቡት።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጅ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ የሰጠኝን የድሮውን የሬድ ጨዋታ እየተጫወትኩ ነው። በልባሶር አለኝ። ሶላር ቢምን ቶሎ እንዲማር ከፈለግኩ እንዳያድግ ልከልክለው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ጠይቀሃል፤ ምክንያቱም በዚያ ጨዋታ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በልባሶር ሳያድግ ከቆየ ሶላር ቢምን ደረጃ 48 ላይ ይማራል፤ አይቪሶር ከሆነ 54 ላይ፤ ቬኑሶር ከሆነ ደግሞ 65 ላይ። ይሁን እንጂ እኔ አትከልክለው እላለሁ። በልባሶር በደረጃ 16፣ አይቪሶርም በ32 ሲያድጉ ብርታታቸው በሁሉም በኩል ይጨምራል፤ ይህን ጥቅም እስከ 48 ድረስ ትተህ መጓዝ ጂሞቹን፣ ማለትም ከየከተማው መሪ ጋር የምትጋጠምባቸውን ቦታዎች፣ አላስፈላጊ በሆነ መንገድ ያከብድብሃል። በዚያ ላይ ሶላር ቢምን የሚያስተምረው ማሽን፣ ቲኤም 22፣ በሲናባር ደሴት ላይ ባለው በፈረሰው ትልቅ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ይገኛል። እዚያ የምትደርሰው ከሰባተኛው ጂም በፊት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። በሬድ ውስጥ የአየር ሁኔታ የሚባል ነገር ገና አልነበረም፤ ስለዚህ ሶላር ቢም ሁልጊዜ ሁለት ተራ ይፈልጋል። በዚያ ጨዋታ ለበልባሶር የዘወትር ጥቃት የሚሆነው ሬዘር ሊፍ ነው፤ ኃይሉ 55 ቢሆንም ጉዳቱን ከፍ የሚያደርገው ወሳኝ ምት በተደጋጋሚ ስለሚወጣለት በአንድ ተራ የሚያደርሰው ብዙ ነው። ሶላር ቢምን ልታስተምረው ከወደድክ ሬዘር ሊፍን አታስረሳው፤ ባላጋራህን አስቀድመህ በስሊፕ ፓውደር አስተኝተህ እርሱ ሲተኛ ብርሃን ማጠራቀም የተሻለው ዘዴ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በስልኩ ፖኪሞን ጎ ይጫወታል፤ እኔም አብሬው መጫወት ጀምሬያለሁ። ቬኑሶራችን ሶላር ቢም አለው፤ ልጄ ግን ፍሬንዚ ፕላንት የሚባለው ካልተገኘ ዋጋ የለውም ይለኛል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? (አንዲት እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ በፖኪሞን ጎ ልጅዎ ያለው በመሠረቱ ልክ ነው፤ በዋናዎቹ ጨዋታዎች ግን ነገሩ የተለየ ስለሆነ ሁለቱን ለይቼ ላስረዳዎት።

ፍሬንዚ ፕላንት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጡት በፋየር ሬድና በሊፍ ግሪን ነው፤ በቱ አይላንድ የምትኖር አንዲት አሮጊት ለቬኑሶር ታስተምረዋለች። ኃይሉ 150፣ የመምታት ዕድሉ 90 በመቶ ሲሆን ፍጡሩ ታክሞ እስኪታደስ ድረስ 5 ጊዜ ብቻ ይሠራል። ሶላር ቢም ዋጋውን አስቀድሞ ሲያስከፍል ፍሬንዚ ፕላንት ደግሞ በኋላ ያስከፍላል፤ ከመታ በኋላ ፍጡሩ አንድ ተራ ቆሞ ያርፋል። ባላጋራ ስለሚመጣው ነገር ማስጠንቀቂያ አያገኝም፤ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ነገር ግን የዕረፍቱን ተራ ፀሐይም አያስቀረውም። ስለዚህ ብርቱ ፀሐይ ባለበት ውጊያ ሶላር ቢም ይበልጣል፤ በሌለበት ደግሞ ፍሬንዚ ፕላንት የመጨረሻውን ባላጋራ ለመጣል ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጡት በሶርድና በሺልድ ፍጡራን ገዝፈው ለሦስት ተራ ሲዋጉ ጥቃቶቻቸው ያለ ዕረፍትና ያለ ማጠራቀም ይሠሩ ስለነበር፣ ብዙዎች የገዘፈው ምት ከሁሉ እንዲበረታ ብለው ቬኑሶርን ፍሬንዚ ፕላንት ያስታጥቁት ነበር።

በፖኪሞን ጎ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ በእርሱ ፈንታ በፈጣኑ ጥቃት የሚጠራቀም ኃይል አለ። በታላላቆቹ የቡድን ውጊያዎች ሶላር ቢም ኃይሉ 180 ሆኖ መላውን ማጠራቀሚያ፣ ማለትም 100 ይወስዳል። ፍሬንዚ ፕላንት ኃይሉ 100 ሆኖ 50 ብቻ ይወስዳል። ሶላር ቢም አንድ ጊዜ በሚለቀቅበት ኃይል ፍሬንዚ ፕላንት ሁለት ጊዜ ተለቆ 200 ያደርሳል ማለት ነው። በተጨማሪም 100 እስኪሞላ ሲጠበቅ ቬኑሶር ቢወድቅ የተጠራቀመው ሁሉ ከእርሱ ጋር ይጠፋል። ከሌላ ተጫዋች ጋር ሲጋጠሙ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ጋሻ አለው፤ ብዙ ኃይል የጨረሰን ጥቃት በአንድ ጋሻ መመለስ ለባላጋራ ትልቅ ትርፍ ስለሆነ በዚያም ቢሆን ርካሹ ጥቃት ይመረጣል። አዘጋጆቹ እነዚህን ቁጥሮች አልፎ አልፎ ስለሚያስተካክሉ ከመወሰንዎ በፊት በስልክዎ ላይ ያለውን ይመልከቱ።

ችግሩ ፍሬንዚ ፕላንት በማንኛውም ቀን የሚገኝ አለመሆኑ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2018 በልባሶር የክብር እንግዳ በሆነበት የኮሚዩኒቲ ዴይ ዕለት ነበር። ያ ቀን ላመለጠው ኤሊት ቻርጅድ ቲኤም የሚባለው ብርቅ ዕቃ ያስገኘዋል። እስከዚያው ድረስ ሶላር ቢም ያለውን ቬኑሶር አይጣሉት፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን የዕፅዋት ጥቃት ሁሉ በዚያ ጨዋታ 20 በመቶ ስለሚጨምር በእንዲህ ያለ ቀን ይዘውት ቢወጡ ይጠቅምዎታል።

ጥያቄ፦ ተክል ብርሃን አጠራቅሞ መልቀቁ ከሳይንስ ጋር የሚገናኝ ነገር አለው? (የባዮሎጂ መምህር ከደሴ)

መልስ፦ ግማሹ ይገናኛል። እርስዎ ለተማሪዎችዎ እንደሚያስተምሩት ክሎሮፊል ብርሃንን ይይዛል፤ ተክሉም በዚያ ኃይል ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራል። ጨዋታው የማጠራቀሙን ክፍል በትክክል ወስዶታል። የተጠራቀመውን መልሶ በጨረር መልክ መልቀቁ ግን የደራሲዎቹ ፈጠራ ነው። በአንጻሩ ሲንተሲስ የሚባለው ሌላ ጥቃት ለእርስዎ ትምህርት የቀረበ ነው፤ ፍጡሩ በብርሃን ራሱን ይጠግናል፤ በተለመደው ሰዓት ከሕይወት ነጥቡ ግማሹን፣ በብርቱ ፀሐይ ደግሞ ሁለት ሦስተኛውን ይመልሳል።

ጥያቄ፦ በሰን ጨዋታ በአካላ ደሴት ጫካ ውስጥ ያለውን ትልቁን ሉራንቲስ ማሸነፍ አቅቶኝ ተስፋ ልቆርጥ ነው። በመጀመሪያው ተራ ይመታኛል፤ የያዝኩት የውሃ ፍጡር ወዲያው ይወድቃል። ምን ላድርግ? (አንባቢ ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ይህ ፈተና በዚያ ጨዋታ ውስጥ ብዙዎችን ያቆመ ነው፤ በጥንቃቄ የተዘጋጀም ነው። ሉራንቲስ የሚጠቀመው ሶላር ብሌድን ነው፤ ይህ በዚያው በሰባተኛው ትውልድ የመጣ የሶላር ቢም ወንድም ሲሆን ኃይሉ 125፣ ባሕርይውም አካላዊ ነው። እርሱም ማጠራቀም ያስፈልገዋል፤ ሆኖም ሉራንቲሱ ፓወር ኸርብ ስለያዘ የመጀመሪያው ምት ሳይዘገይ ይወጣል። ቅጠሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ የሚጠራው ረዳት ካስትፎርም ሰኒ ዴይን ይጠቀማል፤ ስለዚህ ሁለተኛውም ሦስተኛውም አይዘገዩም። ከላይ ስለ ቅጠሉና ስለ ፀሐዩ ያነሣነው ሁሉ በአንድ ውጊያ ላይ ተሰብስቦ የሚመጣው በእርስዎ ላይ ነው።

የውሃ፣ የመሬትና የዓለት ፍጡራንን ሁሉ ከፊት ያስወግዱ። ከዚያ በፊት በሚደረገው በዌላ እሳተ ገሞራ ፈተና አካባቢ ሳላንዲት የሚባል እንሽላሊት መሳይ ፍጡር ይገኛል፤ እሳትም መርዝም ስለሆነ የዕፅዋት ጥቃት አንድ አራተኛው ብቻ ይደርሰዋል። ሉራንቲስ ኤክስ ሲዘር የሚባል የነፍሳት ጥቃትም አለው፤ ሳላንዲት ያንንም በአንድ አራተኛ ይቀንሰዋል። ጨዋታውን በሊተን ጀምረው ከሆነ ያደገው ቶራካትም ጥሩ ነው፤ እርሱ እሳት ብቻ ስለሆነ ሁለቱንም ጥቃቶች በግማሽ ይቀንሳቸዋል።

ካስትፎርም ሲመጣ ተቸኩሎ እርሱን መምታት የብዙዎች ምርጫ ነው፤ የእሳት ፍጡር ለያዘ ሰው ግን ይህ አያስፈልገውም። ካስትፎርም የሚያወጣው ፀሐይ ለሉራንቲስ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ የእርስዎንም የእሳት ጥቃት በግማሽ ያሳድገዋል፤ ሉራንቲስም ዕፅዋት ብቻ ስለሆነ እሳት እጥፍ ይጎዳዋል። ካስትፎርምን ትተው ኃይልዎን ሁሉ በሉራንቲስ ላይ ያውሉ፤ በሲንተሲስ ራሱን መጠገን ከጀመረ ፀሐዩ ሁለት ሦስተኛውን ስለሚመልስለት ውጊያው ሊረዝም ይችላል፤ ስለዚህ ግማሽ ላይ ደርሶ እያለ ቆም ብለው መድኃኒት ከመስጠት ይልቅ በተከታታይ መምታቱ ይሻላል። ከመግባትዎ በፊት የሳላንዲትን ደረጃ ከሉራንቲስ 24 እንዳያንስ አድርገው ያሳድጉት።